የመቅደላው እስረኛና የነነዌ ቤተ መንግሥት

ጥያቄ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም፣ ነነዌን የቆፈረው ሰው ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን?
አንድ አንባቢ

መልስ፦ አዎን፣ ሆርሙዝድ ራሳም ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 በዛሬዋ ኢራቅ ሞሱል ውስጥ ከከለዳውያን ክርስቲያኖች ቤተሰብ የተወለደው ራሳም፣ ገና በወጣትነቱ የጥንቷን የአሦር ከተማ ኒምሩድን ይቆፍር በነበረው በእንግሊዛዊው ኦስተን ሄንሪ ላያርድ ዘንድ ተቀጥሮ፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ እየከፈለና እነርሱንም እየተቆጣጠረ ሙያውን ተማረ። ስሙን ሊያስጠራው የሚገባው ግን በታኅሣሥ 1853 ነነዌ ላይ ያከናወነው ሥራ ነው። የነነዌ ፍርስራሽ የተቀበረበት ጉብታ ሰሜናዊ ክፍል ለፈረንሳውያን ተመድቦ ስለነበር፣ ሰዎቹን በሌሊት አሰማርቶ ሲያስቆፍር የአሦሩ ንጉሥ የአሹርባኒፓል ቤተ መንግሥት ተገኘ።

በግድግዳው ላይ ንጉሡ አንበሶችን ሲያድን የሚያሳዩ ቅርጾች ነበሩ። አንዱ አንበሳ በፍላጻ ተወግቶ ደም ያስመልሳል፤ አንዲት እንስት አንበሳ ደግሞ የሽባ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ለመነሣት ትታገላለች። ይህን ያህል ርኅራኄ ያደረበትን የድንጋይ ሥራ ከዚያ ዘመን ሌላ አላውቅም። በዚያው ስፍራ ከንጉሡ ቤተ መጻሕፍት የሆኑ የሸክላ ጽላቶች የተገኙ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የጥንት ጽሑፍ ሊቅ ጆርጅ ስሚዝ በ1872 ከኖኅ ታሪክ ጋር የሚመሳሰለውን የጥፋት ውኃ ትረካ ያነበበው ከዚሁ ስብስብ ነው።

ራሳም በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጣና በ1866 ታስሮ፣ በሚያዝያ 1868 ተፈታ። የነነዌው ግኝት ክብር በአብዛኛው ለሌሎች መሰጠቱ ፍትሐዊ አይደለም። ወደ ቴዎድሮስ ስላደረገው ተልእኮ በ1869 ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ፣ የቴዎድሮስን ዘመን ለሚያጠና ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው።