የገና ብሊትዝ፦ የተሸነፈ ልጅ ወደ ቤቱ አይሸኝ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ ጋሼ? ኮምቦልቻ የማስተምር ወጣት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቼስ የሚወዱ፣ ከ8 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 24 ልጆች አሉ። ለገና የብሊትዝ፣ ማለትም የፈጣን ቼስ ውድድር ላዘጋጅላቸው አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «በጥሎ ማለፍ አድርገው፣ ቶሎ ያልቃል» ይሉኛል። 12 ሰሌዳ አለን፤ የቼስ ሰዓት ግን አንድም የለንም። ቀኑስ መቼ ይሁን? ከልጆቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እንዲቀሩብኝ አልፈልግም።

መልስ፦ እንኳን ጻፍክልኝ ወንድሜ። ሐሳብህ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ ጥሎ ማለፉን ተወው።

እኔ እዚህ ደሴ የልጆች ውድድር እዳኛለሁ። ጥሎ ማለፍ ልጆችን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ከ24ቱ 12ቱ በመጀመሪያው ዙር ይሸኛሉ። ልጁ በጠዋት ተነስቶ፣ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ታናሽ እህቱን አስከትሎ መጥቷል። ንግሥቱን ሳያይ አስበላ፣ ተሸነፈ፣ አለቀ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ የሌላውን ጨዋታ ያያል፤ ወይ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ቼስ የሚለመደው በመጫወት ነው። ከሁሉ በላይ መጫወት የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ልጅ ነው።

በስዊስ አሠራር አድርገው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ የተጀመረ ነው፤ ዛሬም ብዙ ትልልቅ ውድድሮች የሚካሄዱት በሱ ነው። የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይሁን። ያሸነፈ 1 ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ ዜሮ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ነጥባቸው እኩል የሆነ ወይም የተቀራረበ ልጆች ይጋጠማሉ። ሁለት ልጆች ሁለቴ አይገናኙም። ማንም አይባረርም። ሦስቴ የተሸነፈው ልጅ በአራተኛው ዙር ፊቱ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ እንደሱው ሦስቴ የተሸነፈ ልጅ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዜሮ ይሰበራል። ያኔ የልጁን ፊት አይተህ ጻፍልኝ።

ለ24 ልጅ 7 ዙር ይበቃል። ኮምፒውተር ባይኖርህ ግድ የለም። የእያንዳንዱን ልጅ ስም በቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፍ። ከጀርባው ነጥቡን፣ የተጫወታቸውን ልጆችና ነጭ ይሁን ጥቁር የያዘውን መዝግብ። ዙሩ ሲያልቅ ካርቶኖቹን በነጥብ ደርድረህ ከላይ ጀምሮ ሁለት ሁለት እያደረግህ አጋጥም። ልጆቹ ካርቶናቸው የት እንደደረሰ ለማየት ይከቡሃል፤ አትከልክላቸው። አንድ ልጅ ቀርቶ ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ተጋጣሚ ላጣው 1 ነጥብ ይሰጠዋል። እኔ ግን ልጁ ዝም ብሎ መቀመጡን አልወደውም። አንድ መምህር አብሮት ይጫወት፤ ነጥቡ እንደተጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ደቂቃው። በዓለም ቼስ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ ብሊትዝ የሚባለው ለአንድ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ ጨዋታ ነው። በየእርምጃው የሚጨመር ሰከንድ ካለ በ60 ተባዝቶ ይደመራል። የዓለም ሻምፒዮናው 3 ደቂቃ ላይ 2 ሰከንድ እየተጨመረ ነው። ይህ ለ8 ዓመት ልጅ ጥድፊያ ይሆንበታል። አንተ 5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጭማሪ ጋር አድርገው። 3 ሰከንድ በ60 ሲባዛ 3 ደቂቃ፤ በድምሩ 8፤ ከብሊትዝ አልወጣህም። ጭማሪው በጣም ይጠቅማል። ጭማሪ ከሌለ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ሰሌዳውን ማየት ትተው ሰዓቱን ብቻ ይደበድባሉ። ሊያሸንፍ የተቃረበ ልጅ ሰዓት አልቆበት ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል። አንድ ዙር ካርቶን መደርደሩን ጨምሮ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 7ቱ ዙር ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። መሀል ላይ ለሻይና ለዳቦ ግማሽ ሰዓት ስጣቸው።

የሰዓቱ ነገር በስልክ ይፈታል። ነፃ የቼስ ሰዓት መተግበሪያ ሞልቷል። ከወላጆችና ከመምህራን 12 ስልክ ለምን። ማታ ቻርጅ ይደረጉ፤ ጠዋት ኔትወርካቸውን አጥፋው። አለዚያ መሀል ጨዋታ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ስልክ ይደወላል። ልጆች በንዴት ስለሚመቱት ከስሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርግለት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሕጉን በአጭሩ ንገራቸው። የነኩትን ጠጠር መጫወት ግዴታ ነው። ጠጠር ያንቀሳቀሰው እጅ ራሱ ሰዓቱን ይጫናል። ጠጠር የጣለ የራሱ ሰዓት እየቆጠረ ጠጠሩን መልሶ ቦታው ያደርገዋል። ሕግ የጣሰ እርምጃ ሄዶ ሰዓቱን ከተጫነ ለተጋጣሚው 1 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ሁለተኛ ከደገመ ይሸነፋል። ከ10 ዓመት በታች ላሉት እኔ ሁለተኛውንም በደቂቃ ቅጣት አልፋለሁ። የበዓል ጨዋታ ነውና ይህን ያህል ማላላት ይገባል።

ስለ ቀኑ። ዕለተ ገናን አትንካት። 43 ቀን የተጾመበት ቤት ነው፤ ልጆቹ ዶሮ ወጡን ትተው አይመጡልህም። ከበዓሉ በፊት ያሉት ቀናትም አይመቹም። የላሊበላ ተጓዥ በእኛው መንገድ ስለሚያልፍ መኪና ይጠፋል፣ በየቤቱ እንግዳ ይበዛል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ከገና ቀጥላ ያለችውን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ተኩል ያዝ። የሙስሊም ልጆቹን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄደህ በአፍህ ጥራ፤ በወረቀት አይሁን። ወሎ ውስጥ በዓል የጎረቤትም ነው። ዒድ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ውድድር አዘጋጅላቸው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ዛፍ ጥላ ሥር መጫወት ትችላላችሁ። እኛ ደሴ በታኅሣሥ ጠዋት የልጆቹ ጣት ስለሚደነዝዝ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል እንፈልጋለን።

አንድ ሐሳብ ልጨምርልህ። በእረፍቱ ሰዓት የአባቶቻችንን ቼስ፣ ሰንጠረዥን አሳያቸው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። አጀማመሩ ከዛሬው ብሊትዝም ይፈጥናል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራ የሚጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች ወረራን እንዴት እንደሚወዱት!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ9 ዓመት ልጄ ቼስ ነፍሷ ነው። ስትሸነፍ ግን ታለቅሳለች። አባቷ «ውድድር አትሂድ፣ ሰው ፊት ታሳፍረናለች» ይላል። ምን ላድርግ? እናት፣ ከወልድያ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ትሂድ። ማልቀሷ ነውር አይደለም፤ ጨዋታው ስለገባት ነው። ማግነስ ካርልሰን እንኳን እ.ኤ.አ. በ2025 በኖርዌይ ቼስ በ19 ዓመቱ ህንዳዊ በጉኬሽ ሲሸነፍ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቷል። በኋላም ይቅርታ ጠይቋል። እሱ የዓለም ቁጥር አንድ ነው።

ለልጅሽ ሁለት ነገር ብቻ አስለምጃት። ስትሸነፍ መጀመሪያ የተጋጣሚዋን እጅ ትጨብጥ። ከዚያ ወጥታ ውሃ ትጠጣ፤ ማልቀስ ካማራትም እዚያ ታልቅስ። አንቺም ስትመለስ «አሸነፍሽ?» አትበያት። «የቱ እርምጃሽ ደስ አለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ሰሌዳ አውጥታ ታሳይሻለች። ለአባቷም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አስታውሺልኝ። የሃንጋሪዋ ቼስ ተጫዋች ዩዲት ፖልጋርም ልጅ ሆና ከወንዶች ጋር እየተጋጠመች ነው ያደገችው፤ በ15 ዓመቷ የቼስ ከፍተኛውን ማዕረግ ይዛ ግራንድ ማስተር ሆነች። አባቷ ራሱ ይዟት ቢመጣ ደግሞ እንዴት ደስ ባላት።

ጥያቄ፦ ለልጆች የቼስ ውድድር ሽልማቱ ምን ይሁን? አንደኛ ላይ ሁለት ልጆች እኩል ቢሆኑስ? ከሐይቅ

መልስ፦ ገንዘብ አይሁን። ገንዘብ ሲገባ ወላጅ ከልጁ ጀርባ ቆሞ መጨቃጨቅ ይጀምራል። ላሸነፈው የቼስ ሰሌዳ፣ ለሁሉም ደብተርና እስክሪብቶ ስጡ። ከ10 ዓመት በታች ለሆኑት የተለየ ሽልማት ይኑር። ድፎውን ለሁሉም ቁረሱ።

እኩል ከሆኑ የየአንዳንዳቸው ተጋጣሚዎች በውድድሩ ያገኙትን ነጥብ ደምሩ፤ ከጠንካሮች ጋር የተጫወተው ድምሩ ይበልጣል። በዚህም እኩል ከሆኑ አንድ የመለያ ጨዋታ አጫውቷቸው። ነጭ 5 ደቂቃ፣ ጥቁር 4 ደቂቃ ይይዛሉ፤ አቻ ከወጡ ጥቁር እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ከበው ይዩ፤ እርምጃ የሚጠቁም ግን ከክፍሉ ይውጣ።