የሕግ ምክር፦ በረሃ ላይ ያነሳሁት የአዳኝ ካሜራ ጣጣ ያመጣብኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው፣ በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ኦክቶበር ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሊንከን ካውንቲ ቆቅ አደን ሄድን፣ ሁለታችንም ላይሰንስ አለን። ለዱር እንስሳት ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ጋ ብረት ላይ የታሰረ ካሜራ፣ የተቀዳደደ የአዳኝ ድንኳንና አንድ ታጣፊ ወንበር አገኘን። ሁሉም አቧራ ጠጥቷል፣ ሰው ጥሎት የሄደ ነው የሚመስለው፣ ካሜራው ላይ ስም የለም፣ ጓደኛዬ ደግሞ በዚህ ወቅት ካሜራ መትከል ራሱ ክልክል ነው አለኝ። ፈታሁትና ቤት ወሰድኩት። ለካ ፎቶ በስልክ የሚልክ ዓይነት ነው። አሁን ከሸሪፍ ቢሮ አንድ ዴፑቲ ስለ ካሜራ ሊያናግረኝ እንደሚፈልግ ቮይስሜል ትቶልኛል። የመንግሥት መሬት ላይ የተጣለ ዕቃ አይደል እንዴ? ደውዬ ላስረዳው ወይስ ሄጄ ቦታው ልመልሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንገብጋቢውን ላስቀድም። ለዴፑቲው ራስህ አትደውል፣ ካሜራውን ሄደህ መልሰህ አትስቀለው፣ ሜሞሪ ካርዱንም አትንካው። በቅድሚያ የወንጀል ጠበቃ አናግር፣ ያውም ኢሚግሬሽኑንም አብሮ የሚያውቅ። ለምን እንደሆነ እየሄድኩ እነግርሃለሁ።

ጓደኛህ ያለህ እውነት ነው። ኔቫዳ ውስጥ ከኦገስት 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የሕዝብ መሬት ላይ ትሬይል ካሜራ (እንዳገኘኸው ያለ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ) ማስቀመጥም መጠቀምም ክልክል ነው፣ ፎቶ የሚልከው ዓይነት ከሆነ ደግሞ እገዳው ከጁላይ 1 ይጀምራል። ለከብት ጥበቃና ለጥናት ምናምን የተለዩ ፈቃዶች አሉ፣ አዳኙን ግን አይመለከቱም። ደንቡ የመጣው 2018 ላይ ነው፣ ምክንያቱም አገሩ ደረቅ ነው፣ እንስሳው ወዶም ባይወድ እነዚያ ጥቂት ውሃዎች ጋ መምጣቱ አይቀርም፣ አዳኙ ደግሞ አንድ ገንዳ ላይ ካሜራ ደርድሮ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ የትኛው አጋዘን በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ያያል። አሪዞናማ ብሶባት ከ2022 ጀምሮ ለአደን ሲባል ዓመቱን ሙሉ ከልክላዋለች። እኔ በበኩሌ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፣ ግን ይሄ አንተን አያድንህም።

ምክንያቱም ያስቀመጠው ሰው ቢያጠፋም ካሜራው የሱ ንብረት መሆኑ አይቀርም። ስትሪፑ ላይ ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ የቆመ መኪና ቲኬት ይለጠፍበታል፣ በቶው ትራክ ይነሳል፣ ቀድሞ ያየው ሰው ግን ነድቶት ቤቱ አይሄድም። እዚህም እንደዛው ነው። ያ መሬት የቢኤልኤም፣ ማለትም የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ከሆነ (ኔቫዳ ውስጥ አብዛኛው ነው) የፌዴራሉ ደንብ ማንም ሰው ዕቃውን ያለ ጠባቂ ከ10 ቀን በላይ እንዳይተው ይከለክላል፣ ሌክ ሚድ አካባቢ ባለው የፓርክ ሰርቪስ መሬት ላይ እንደውም 24 ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ግን ዕቃውን አንስቶ የማስወገድ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ መንገደኛው አይደለም። ደግሞስ ካሜራው 10 ቀን መቆየቱን በምን አወቅክ? አቧራ እንደሆነ እዛ አገር በአንድ ንፋስ ነው የሚለብሰው።

«ስም የለበትም» ያልከው ትንሽ ይረዳሃል። የኔቫዳ የስርቆት ሕግ የጠፋ ወይም የተረሳ ዕቃ ያገኘ ሰው ባለቤቱን ለማወቅ የሚያስችል ሁኔታ እያለ፣ ለማሳወቅ ተገቢውን ጥረት ሳያደርግ ለራሱ ካደረገው ስርቆት ነው ይላል። የኛው አገር የ1952 ፍትሐ ብሔርም ያገኘ ሰው ያሳውቅ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይምሰልህ። ዓቃቤ ሕጉ የሚለው ምን መሰለህ፣ ካሜራው በማሰሪያ ታስሯል፣ በርቷል፣ ሲም ካርድ አለው፣ የተጣለ ዕቃ እንዲህ አይሆንም፣ ቢያንስ ለጌም ዋርደን (ለአደን ተቆጣጣሪው) ወይም ለሸሪፉ ቢሮ ቦታውን ተናግሮ መሄድ ይችል ነበር ነው። ያንተ ጠበቃ ደግሞ ድንኳኑ ተቀዳድዷል፣ ጊዜው ካሜራ የማይፈቀድበት ነው፣ ሰውየው በቅንነት የተጣለ መስሎታል ይላል። ሁለቱም የሚያስኬድ ክርክር ነው። ለዚህ ነው አትደውል ያልኩህ። «አዎ ወስጃለሁ፣ ግን የተጣለ መስሎኝ ነው» ስትል ከአፍህ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ ሁለተኛውን ማመን ግዴታ ያለበት ሰው የለም። ካሜራው የላከው ፎቶ ፊትህን ላያሳይ ይችላል እኮ፣ የጎደለውን አንተ ሞልተህ አትስጣቸው።

ቤትህ ድረስ ከመጣ ተረጋግተህ አክብረህ አናግረው። ስምህን ከጠየቀህ ስጠው፣ ኔቫዳ ውስጥ ፖሊስ ጠርጥሮ ሲያስቆምህ ስም መናገር ግዴታ ነው። ከዛ በኋላ «በጠበቃዬ በኩል ነው የማናግርህ» በቃ። የፍርድ ቤት ማዘዣ ካልያዘ የማስገባት ግዴታ የለብህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ካሜራ መቶ፣ ሁለት መቶ ዶላር ቢያወጣ ነው። ኔቫዳ ከ$1,200 በታች የሆነ ስርቆትን ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው የምትለው፣ ጣሪያው 6 ወር እስርና $1,000 መቀጫ ነው፣ እንዲህ ላለ ነገር ማንም 6 ወር ሲታሰር አይታየኝም። ዜጋ ብትሆን ኖሮ ከፍለህ ትገላገል ነበር። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን ስርቆት የሞራል ጉድለት ከሚባሉት ወንጀሎች ይመደባል፣ የዕቃው ዋጋ ማነስ ከዚህ አያወጣውም። የ6 ወር ጣሪያው እዚህ ጋ ይጠቅምሃል፣ አንድ ብቻ ከሆነና ሌላ ሪከርድ ከሌለህ ለብቻው ለዲፖርቴሽን አያበቃህም። ነገር ግን ነገ ሌላ ተመሳሳይ ነገር ቢደገም ሁለቱ ተደምረው ሊያስባርሩህ ይችላሉ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቀህ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያስጠይቅህ ይችላል፣ ለዜግነት ስታመለክትም ፎርሙ ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ክሱ ውድቅ ሆኖም ቢሆን መልሱ «አዎ» ነው።

ከሁሉም በላይ አበሾችን የምታጠምደው ግን ይቺ ናት። ፍርድ ቤት ትሄዳለህ፣ ዓቃቤ ሕጉ ደግ ሰው ነው፣ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ክላስ ውሰድ፣ ከስድስት ወር በኋላ ክሱን እንዘጋልሃለን» ይልሃል። ደስ ብሎህ ትፈርማለህ፣ ስድስት ወሩ ያልፋል፣ ስቴቱም ቃሉን ጠብቆ ይዘጋዋል። ኢሚግሬሽን ግን አንዴ ጥፋተኛ ነኝ ካልክና ዳኛው ትንሽም ብትሆን ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብህ፣ በኋላ ቢሰረዝም እንደተፈረደብህ ነው የሚቆጥረው። ከ2010 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የወንጀል ጠበቃህ ይህንን ሊነግርህ ይገደዳል፣ እንዲነግርህ ግን ዜጋ አለመሆንህን በመጀመሪያው ቀን ንገረው፣ አክሰንትህን ሰምቶ ይገምታል አትበል። ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል የሚያልቅበት መንገድ አለ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ዕቃውንና ካሳውን ተቀብሎ ረክቻለሁ ሲል ዳኛው ሚስዲሚነሩን ሊዘጋው ይችላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው እሱን በር ነው።

ሌላው፣ ካሜራው የማን ነው? ጋዝለር የሚሏቸውን እነዚያን ገንዳዎች ብዙ ጊዜ የኔቫዳ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሯቸው፣ መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸውን ካሜራ ያስቀምጣሉ። ሳትከፍተው ጀርባውንና ሥሩን እየው፣ የንብረት ቁጥር ወይም ስቲከር ካለበት ለጠበቃህ ፎቶ አንስተህ ላክለት። የፌዴራል መንግሥት ንብረት ከሆነ ጨዋታው ይለወጣል፣ ከ$1,000 በታች ቢሆንም የፌዴራሉ ሕግ ጣሪያ አንድ ዓመት ነው፣ አንተ ደግሞ ከገባህ አምስት ዓመት አልሞላህም፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓመት ሊያስቀጣ የሚችል እንዲህ ዓይነት ወንጀል ለዲፖርቴሽን ይበቃል። ፍርዱ አንድ ቀን እስር ባይሆን እንኳን፣ የሚታየው ጣሪያው ነው።

ካርዱን አትንካ ያልኩህም ማስረጃ ማጥፋት ለብቻው ወንጀል ስለሆነ ነው። ፎቶህን ብትሰርዝ እንኳን ባለቤቱ ስልክ ላይ ሄዷል። ካሜራውን በንጹህ ላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጠው። አመላለሱ በጠበቃው በኩል ነው፣ ጠበቃው ለሸሪፉ ያስረክብና የተረከበበትን ወረቀት ይቀበላል። መመለስህ የሆነውን አያጠፋውም፣ ዳኛም ዓቃቤ ሕግም ፊት ግን ብዙ ይመዝናል። አንተ ራስህ ገንዳው ጋ ወስደህ ብታስረው ግን በክልከላው ወቅት የሕዝብ መሬት ላይ ካሜራ ያስቀመጥከው አንተ ትሆናለህ፣ ያውም ጠመንጃ የያዘ የተናደደ ባለቤት እየጠበቀህ ሊሆን ይችላል።

ድንኳኑንና ወንበሩን ስላልነካችሁ እሰየው። በነገራችን ላይ እዛው አድራችሁ ከሆነ ለጠበቃው ንገረው፣ ኔቫዳ ውስጥ እንስሳቱ ውሃው እንዳይደርሱ በሚያደርግ ሁኔታ ከውሃ በ100 ያርድ ውስጥ መስፈር ክልክል ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ካያችሁ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ጂፒኤሱን ያዙ፣ ለጌም ዋርደን ላኩ፣ ቲኬቱን እሱ ይጻፍ።

ቮይስሜሉን አታጥፋው፣ ጠበቃው የዴፑቲውን ስምና የኬዝ ቁጥር ከዛ ያገኛል። ከጓደኛህ ጋር በዚህ ጉዳይ ቴክስት መጻጻፍ ካሁኗ ሰዓት ጀምሮ አቁሙ፣ ነገ ስልካችሁን የሚያነበው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እሱም አብሮህ ነበርና የራሱን ጠበቃ ይያዝ፣ ዋጋ እንቀንስ ብላችሁ አንድ ጠበቃ ለሁለት አትቅጠሩ፣ ነገሩ ከጠነከረ አንዱ በሌላው ላይ ሊመሰክር ይችላልና።