ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰዎችን ወደ ዱር እየመራሁ ባረጀሁባቸው ዓመታት ከወጣቶች በብዛት የሰማሁት ጥያቄ «የትኛውን ቢላ ልያዝ?» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ግን መልሱን በልባቸው ይዘው ነው የሚመጡት፦ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ የያዝኩት እንዲያ ያለውን ነበር። እጀታው ውስጡ ባዶ ሆኖ መንጠቆና ክብሪት ይይዛል፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ኮምፓስ አለበት። (ኮምፓሱ ከብረቱ ተጎራብቶ ስለተቀመጠ ሰሜንን በትክክል አሳይቶኝ አያውቅም።) አንድ ዝናባማ ምሽት ግንድ ልሰነጥቅበት ስታገል ከእጀታው ጋር ከሚጋጠምበት ላይ ቀጭ አለ። ስለቱ ግንዱ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ባዶ እጀታ ጨብጬ ቀረሁ። ሌሊቱ ያለ እሳት ነጋ።

ከዚያ ወዲህ ቢላ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው እጀታውን ነው። ብረቱ ሳይቆረጥ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቅ አለበት። እጀታው ከግራና ከቀኝ የተለበጠ ከሆነ ብረቱ በመሐል ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ታጣፊ ቢላ ለኪስ ይመቻል፤ እንጨት መሰንጠቅ ግን ሥራው አይደለም። መቆለፊያው ከከዳችሁ የሚታጠፈው ጣታችሁ ላይ ነው።

ርዝመቱ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ስለት ይበቃችኋል። መጋዝ ካስፈለጋችሁ መጋዝ ያዙ። ስለ ብረቱ ዓይነት የሚደረገው ክርክር ማለቂያ የለውም። ካርቦን የበዛበት ብረት ለመሳል ይቀላል፣ ለመዛግም ይፈጥናል። የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮምየም አለበት፤ እሱም ቢሆን ጨው ባለበት እርጥበት ውስጥ ከከረመ መዛጉ አይቀርም። እኔ የካርቦኑን እመርጣለሁ፣ ዘይት መቀባት የሚሰለቸው ሰው ግን ሌላውን ይያዝ። የቢላው ጀርባ ጠርዙ ጥርት ያለ 90 ዲግሪ ከሆነ የእሳት ማስነሻ ዘንግ (ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጨው) ይፋቅበታል። ለዚህ ሥራ ስለቱን አታበላሹት።

ዱር ውስጥ የቢላ ዋና ሥራው እሳት ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቆሞ የደረቀ እንጨት ላዩ ቢረጥብም ውስጡ ደረቅ ነው። ጉጥ የሌለውን ቁራጭ ምረጡ፤ ውፍረቱ ከስለቱ ርዝመት ይነስ፣ ጫፉ አልፎ እንዲወጣ። ስለቱን በአናቱ ላይ አስቀምጣችሁ የቢላውን ጀርባ በእንጨት ዱላ ምቱት። በድንጋይ በፍጹም አትምቱት። ከተሰነጠቀው ውስጥ ደረቁን አውጡና ሳትቆርጡ በስሱ ላጉት፤ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እዚያው እንጨቱ ላይ ይቅር። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እንጨት በቢላ ጫፍ መፈልቀቅ ግን የስንቱን ቢላ አፍንጫ ሲሰብር አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ደም። ተቀምጣችሁ ጭናችሁ መሐል አትቅረጹ። በጭን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል፣ እናንተ ያላችሁት ደግሞ ሐኪም ከሌለበት ነው። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ከጉልበታችሁ ወዲያ ቅረጹ፣ ወይም ወደ ጎን ዙሩ። ክንዳችሁ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አይኑር። የሚወድቅ ቢላ ለመቅለብ አትሞክሩ፤ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው። ሲመሽ፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲደክማችሁ ቢላውን ወደ አፎቱ መልሱ። ቢቆርጣችሁ ንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በኃይል ተጫኑት፤ ቆመ ወይ ብላችሁ በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩት።

የደነዘ ቢላ ከተሳለው የባሰ ሰው ይቆርጣል፤ ኃይል ስለምትጨምሩበት ያመልጣችኋል። ስትስሉት በየጎኑ 20 ዲግሪ አካባቢ አጋድሙት። ለዓይን ግምት ቢላውን መሳያ ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እኩሌታውን አጋድሙት፣ የቀረውንም እኩሌታ፤ 22 ገደማ ላይ ትደርሳላችሁ። በአንዱ ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ቀጭን ሻካራ ጠርዝ በጣታችሁ ሲዳሰስ ጎን ቀይሩ። መጨረሻ ላይ የለፋ ቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አለስልሱት።

ቢላችሁን ፍም ውስጥ አትክተቱ፣ ግለቱ ጥንካሬውን ይወስደዋል። አፈር ውስጥም አትሰኩት። ከጉዞ ስትመለሱ አድርቃችሁ ዘይት አስነኩት። የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ቢላው እዚያ ውስጥ ወራት አይክረም፤ እኔ ቢላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አፎቱን ለብቻው ሰቅዬ ነው የማስቀምጠው።