መልስ፦ ገና ላልተሠራ አፓርታማ ቢሮ ውስጥ የተፈረመ ውል ይበቃል?

እህቴ፣ ቤት ሻጮቹ «ውሉን ቢሮአችን ፈርመሽ ቅድሚያውን ክፈዪ፣ ይበቃል» ካሉሽ፦ እንዳትቀበዪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። «ቤቱ ገና አልተሠራም፣ አይመለከተንም» ቢሉሽም ክርክር ውስጥ አትግቢ። ሰነዶች ማረጋገጫ (ውል የሚያረጋግጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ሄዳችሁ ካልፈረማችሁ ብር አታስተላልፊ።

ከመፈረምሽ በፊት፦

1. የይዞታ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን ጠይቂ። መሬቱ በማን ስም ነው? ባንክ አስይዘውታል? ይህንን ከመሬት ይዞታ ምዝገባ አጣሪ።

2. «ግንባታው ሲጠናቀቅ» የሚለውን አሰርዢ። የርክክቡ ቀን፣ ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ከዘገዩ በየወሩ የሚከፍሉት ቅጣትም በብር ይቀመጥ። ክፍያሽን ከሥራው ደረጃ ጋር አስተሳስሪው፤ ሕንፃው ሳይነሳ ብሩ ካለቀ መደራደሪያ አይኖርሽም።

3. የዚሁ ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። «ዋስትናው 1 ዓመት ነው» የሚል ካገኘሽ አትፈርሚ።

ካየሁት አንድ ማሳሰቢያ፦ ካሬውን በደንብ እዪ። ማስታወቂያው ላይ 120 ካሬ የተባለው ብዙ ጊዜ ደረጃውንና ኮሪደሩን ጨምሮ ነው። የቤትሽ የውስጥ ስፋት ለብቻው ይጻፍ፤ ስፋቱ ከተጻፈው ካነሰ የሚመለስልሽ ሂሳብም አብሮ ይስፈር።