ለሞተ ፍየል ካሳ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሰቢያን ነው። አባቴ ጀልዴሳ አካባቢ ፍየል ያረባሉ። ዝናቡ ሲቀር ከ30ዎቹ 19ኙ አለቁባቸው። አሜሪካ ያለው አጎቴ ደውሎ «እዚህ ከብት ሲሞት መንግሥት ይከፍላል፣ እናንተስ ለምን አትጠይቁም?» አለን። እውነት የሚከፈል ነገር አለ? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። 19 ፍየል በአንድ ወቅት ማጣት ቀላል አይደለም።

ቁርጡን ልንገርሽ። እኛ ጋ በድርቅ ለሞተ ከብት በቁጥር እየተሰላ ካሳ የሚከፈልበት ቋሚ ፕሮግራም የለም። አጎትሽም ከሜዳ አላመጣውም። አሜሪካ ውስጥ ጎርፍ፣ መብረቅ ወይም የበረዶ ወጀብ ለገደለው ከብት መንግሥት የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ ይከፍላል፤ አርቢው ግን ስንት እንደነበረውና ስንቱ እንደሞተበት በማስረጃ ማሳየት አለበት። ድርቅ ሲሆን እዚያም ይለያል። ለድርቅ ያለው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ የሚከፍለውም ለጠፋው ግጦሽ ነው፤ የወሩን የመኖ ወጪ 60 በመቶ። ከብቱ ሳይሞት መኖ እንዲገዛለት ማለት ነው።

ይህ አካሄድ እኛም አገር አለ። ቦረና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተሸጠ የከብት ኢንሹራንስ አለ። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፣ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ውል የገባው አርብቶ አደር ይከፈለዋል፣ ሬሳ አሳይ የሚለው የለም። እናንተ ቀበሌ ደርሶ እንደሆነ የግብርና ባለሙያውን ጠይቂው። ለሞቱት ግን አይሆንም፤ ኢንሹራንስ ወደኋላ አይከፍልም።

ለአሁኑ የምትይዙት ሴፍቲኔቱን ነው፤ መንግሥት ለተቸገረ ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጥበትን ፕሮግራም ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ለዓመታት የተቸገረ ብቻ ሳይሆን፣ በድንገት ንብረቱን አጥቶ ራሱን መቻል ያቃተው ቤተሰብም መስፈርቱ ውስጥ ይገባል። አባትሽ አቅም ካላቸው በማኅበረሰብ ሥራ ይታቀፋሉ፣ ከደከሙ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ አለ። የተመረጡት ሰዎች ስም ሕዝብ ፊት መነበብ አለበት። የዚያን ቀን እንዳትቀሩ! ስማቸው ከተዘለለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጋ ሂዱ፣ በቃል ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ፣ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውን ያዙ። ስንቱ ሰው «አይሰጡኝም» ብሎ ሳይጠይቅ ቤቱ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የቀሩት 11ዱ ናቸው። ገበያ ላይ ነጋዴ መጀመሪያ የፍየሏን ወገብ ነው የሚዳብሰው፤ አጥንቱ እጁን ከቆረቆረው ዋጋው እዚያው ወደቀ። ሰው ደግፎ የሚያስነሳት ፍየል ደግሞ ጭራሽ ገዢ የላትም። ስለዚህ ወጠጤዎቹንና መውለድ ያቆሙትን ሥጋ ሳይጨርሱ አሁኑኑ ሽጡ፣ በገንዘቡ ለእርጉዞቹ ፉርሽካና የማሽላ አገዳ ግዙ። አባትሽ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ፣ ከግልገልነቷ ጀምሮ ያሳደጓትን ፍየል በርካሽ ሽጡ ሲባሉ ማን ደስ ይለዋል። ቁጭ ብለሽ በቀስታ አስረጃቸው፣ ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዝናቡ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የደከሙትን ፍየሎች ውጭ አታሳድሯቸው፤ ድርቁን አልፈው በዚያ ብርድ የሚሞቱት ብዙ ናቸው።