«ተለያይተን ነው የምንኖረው» በእንግሊዝኛ፦ እኔን ያየ ይቀጣ

«ባሌ ዱባይ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ። ለቪዛ ደብዳቤ ‹ተለያይተን ነው የምንኖረው› በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ያልሽው እህቴ፣ ቆይ፣ እንዳትጽፊው። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ባሌ ሰመራ ይሠራል። ታሪካችን አንድ ነው።

1. «ሴፓሬትድ» የምትለዋን ቃል አትንኪያት። ለባልና ሚስት ሲሆን ትዳሩ ፈርሷል፣ የቀረው ፍቺ ብቻ ነው ማለት ነው። የአሜሪካው የቪዛ ማመልከቻ፣ ዲኤስ 160 ፎርም ላይ «ማሪድ» (ባለትዳር) እና «ሌጋሊ ሴፓሬትድ» (በሕግ የተለያየ) ለየብቻ ምርጫ ናቸው። ያንቺ «ማሪድ» ነው።

2. ደብዳቤውን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። እኔ ሰፈር ካለ ጽሕፈት ቤት አስጻፍኩ። ልጁ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ «ዊ አር ሴፓሬትድ» ብሎ አተመልኝ። እንግሊዝኛ ስላየሁ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ ኤምባሲ ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አድርጋ «መቼ ተፋታችሁ?» አለችኝ። «ኧረ አልተፋታንም!» «ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?» ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። የጋብቻ ሰርተፍኬቴን ከቦርሳ ሳወጣ «በቃ፣ ቀጣይ!» ተከለከልኩ። የከፈልኩትም በዚያው ቀረ። ማታ ባሌ ደውሎ «ፈታሽኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለነገሩ በአማርኛም ያው ነው። «ተለያይተናል» ብትዪ ነገ ጎረቤት ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። «ለሥራ ብለን ተራርቀን» ማለት ነበረብኝ።

3. «ሊቪንግ አፓርት» (ተራርቆ መኖር) ይሻላል፣ ብቻውን ግን አትተዪው። ካናዳ ውስጥ «ሴፓሬት ኤንድ አፓርት» ሆኖ አንድ ዓመት መኖር ራሱ ለፍቺ በቂ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አብረሽ ጻፊ። በሁለተኛው ዙር በገዛ እጄ የጻፍኩትን እነሆ፦ «ዊ አር ማሪድ። ማይ ሀስባንድ ወርክስ ኢን ሰመራ ኤንድ ካምስ ሆም ኤቭሪ መንዝ።» ባለትዳር ነን፣ ባሌ ሰመራ ይሠራል፣ በየወሩ ቤት ይመጣል ማለት ነው። «አፓርት» የሚለውን ቃል እንኳ አልፈለግኩትም! በየወሩ ብር የላከበትን ደረሰኝ አያያዝኩ። ስለ ባሌ አንድም ጥያቄ ሳይነሳ ቪዛው ተመታልኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ባላለፈ እንግሊዝኛዬ።

አረፍተ ነገሯን ወስጄ ለዚያ ልጅ አሳየሁት። አሁን ለደንበኛ ይጠቀምባታል። ኮፒውን ግን እኔኑ አስከፈለኝ።