ልብስ አልቀይር፣ ፀጉሬን አልታጠብ ለሚል ልጅ

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ነው ያየሁት። አምስት ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ያቺን አንድ ቲሸርት ካልሆነ አይለብስም፣ ፀጉሩን ላጥበው ስል ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል፣ ጥርሱን አያስነካም ብለሻል። የኔም ልክ እንደዛ ነበር ስለዚህ ኦቲዝም ምንድነው ምናምን የሚለውን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ሥራው ልግባ።

1. ቲሸርቷን አትቀሚው። ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቀለም፣ ከፍ ባለ ሳይዝ ደግመሽ ግዢና ከመልበሱ በፊት ደጋግመሽ እጠቢው፣ አዲስ ጨርቅ ድርቅ ይላል ሽታውም ሌላ ነው። አንገቱ ላይ ያለውን ታግ በመቀስ ቆርጠሽ ከሆነ የተውሽው ተመልሰሽ ዳብሺው፣ የምትቀረዋ ጠርዝ እንደ እሾህ ነው የምትወጋው። ስፌቱን ፈትተሽ ከሥሩ አውጪው። ካልሲ ገልብጠሽ አልብሺው፣ ጣቱ ጋ ያለው ስፌት ወደ ውጭ ይሁን። ሰው የፈለገውን ይበል፣ እኔን ያላሉኝ የለም።

2. ፀጉር። የኔ ልጅ ውሃ ይወዳል፣ የሚጠላው ሳያስበው ፊቱ ላይ ሲመጣበት ነው። ሻወሩን ተይውና በጆክ አድርጊው፣ ደረቅ ፎጣ አጥፈሽ ስጪውና ዓይኑ ላይ ራሱ ይያዝ፣ ከዛ እየቆጠርሽ አፍስሺ፣ አምስት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ይወቅ። አምስት ካልሽ ደግሞ አምስት ነው! ሳሙና ቀረ ብለሽ ስድስተኛ ከጨመርሽ ሁለተኛ አያምንሽም። የቀረውን በእርጥብ ፎጣ ጥረጊው።

ማመን ካልኩ አይቀር 3ን ከመጻፌ በፊት እኛን ያቃጠለንን ልንገርሽ። አንድ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፣ ገና ካርዱን ሳይገልጥ "አሞላቅቀሽው ነው፣ ያዢውና በግድ እጠቢው፣ ይለምደዋል" አለኝ በሩ ተከፍቶ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ። እኔ ምክሩን እዛው ጥዬ ወጣሁ፣ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ ግን ያንኑ ነገር ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ቀን ሾርባ ነገር ፈሶበት ረዳቷ ሁለት እጁን ይዛ ቲሸርቱን በግድ አውልቃ ቀየረችለት። ከዛ በኋላ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የለፋሁበት ሁሉ ዜሮ ገባ፣ ለመመለስ ወራት ፈጀ። ለድምፅ፣ ለጨርቅ፣ ለሽታ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ምላሽ መስጠት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲኤስኤም-5 በሚባለው የምርመራ መመሪያ ከኦቲዝም ምልክቶች ጋር ተጽፏል እኮ! ገጹን ፕሪንት አድርጌ ሄጄ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ምንም አላለም፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

3. ጥርስ። የጥርስ ሳሙናው ሚንት ያቃጥላቸዋል፣ አረፋውም ያስጨንቃቸዋል። ጣዕም የሌለው፣ አረፋ የማያወጣ፣ ግን ፍሎራይድ ያለው ፈልጊ፣ በአተር ፍሬ ልክ ይበቃል። እኛ ከመጨረሻው ነው የጀመርነው፣ እኔ ቦርሼ መትፋቱና ብሩሹን ቦታው መመለሱ የሱ ሥራ ነበር፣ ቀስ እያልኩ የፊት ጥርሱን፣ ከዛ የጎኑን ለቀቅኩለት። አሁን ራሱ ቦርሾ ሲጨርስ አባቱን "አንተስ?" ይለዋል።

ጥፍር ከታጠበ በኋላ ሲለሰልስ ቁረጪ። ቶንዶስ መጀመሪያ ሳይነካው ድምፁን ከሌላ ክፍል ይስማ። ልብስ ማውለቅ ድንገት ከጀመረ ቆዳውን እዪ፣ የኔ ሁሉም አመሉ ነው ሲለኝ ጀርባው ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር።

ማቆያ ይውላል እንዴ? ከዋለ በአፍ አትንገሪያቸው፣ ጽፈሽ ስጪ፦ ቅያሪው የትኛው ልብስ እንደሆነ፣ ከመንካታቸው በፊት ምን እንደሚሉት፣ እምቢ ካለ እንዳይዙትና ላንቺ እንዲደውሉ። ኮፒውን አንቺ ጋ አስቀሪ።